ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ

«ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» የሚለውን ተረት ቃል በቃል የፈጸመ አንድ እንግሊዛዊ ባለጸጋ ነበር። የ«ዴይሊ ሜይል» ጋዜጣ ባለቤት ሎርድ ሮዘርሚር በ1934 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው) ለሥራ ጕዞ የሚሆን፣ ስድስት መንገደኞች የሚይዝ፣ በአውሮፓ በፍጥነት ተወዳዳሪ የማይገኝለት አውሮፕላን እንዲሠራለት የብሪስቶልን ፋብሪካ አዘዘ። ዋጋው 18,500 ፓውንድ ነበር።

ፍራንክ ባርንዌል የነደፈው ይህ ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን በአፕሪል 12 ቀን 1935 ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ። ሲፈተን በሰዓት 307 ማይል ሮጠ። በዚያው ዓመት በአገልግሎት ላይ የዋለው ጎንትሌት የተባለው ተዋጊ አውሮፕላን ግን ከ230 ማይል ብዙም አያልፍም ነበር። የነጋዴው በቅሎ የወታደሩን ፈረስ ቀደመች ማለት ነው። የአየር ሚኒስቴር በነገሩ ተደንቆ አውሮፕላኑን ለምርመራ ቢጠይቅ፣ ባለቤቱ «ብሪታንያ ትቅደም» ብሎ ሰይሞ ለአገሩ ሰጠ። መሐንዲሶቹም ለቦምብ ቦታ እንዲገኝ ክንፉን ከፍ አድርገው ብሌንሃይም የተባለውን ቦምብ ጣይ አወጡ።

ይህን የሰሙ አንዳንድ ጓደኞቻችን «ሀብታሙን ተዉት፤ ምቾቱ ለአገር ይተርፋል» ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ሮዘርሚር በጃኑዋሪ 1934 የሞዝሊን ጥቁር ሸሚዞች በጋዜጣው ያወደሰ ሰው ነው። ሆኖም በ1940 ከዔደን የተነሡ ብሌንሃይሞች ድሬዳዋ ላይ የሰፈረውን የፋሽስት ኢጣልያ አየር ኃይል ደበደቡ። መሣሪያው የጌታውን አሳብ አልወረሰም። እንግዲህ አገሪቱን የጠቀማት የባለጸጋው ቅን ልቡና ነው ለማለት አንችልም።

የጠቀማትማ ሌላ ነው። ትእዛዙ የተሰጠው ለአገር ውስጥ ፋብሪካ ነበር። ገንዘቡ ንድፍ ሆነ፣ የሠራተኛ እጅ ልምድ ሆነ፣ መርምሮ የሚቀበል መሥሪያ ቤትም አገኘ። ይህም ቢሆን ለዘለዓለም አልበቃም። ብሌንሃይም በጦርነቱ ጊዜ በአዳዲሶቹ የጀርመን ተዋጊዎች ተቀድሞ ብዙ አብራሪዎች አልቀውበታል። ዕውቀት ካልታደሰ የትናንት ዝና ነፍስ አያድንም።

ወደ እኛ እንመለስ። ባለጸጎቻችን ከውጭ የሚያስመጡት ውድ መኪና ሲያረጅ ምን ይተዋል? ብረቱን ብቻ! መሥራት የተማረበት ወጣት የለም። ስለዚህ ምቾት ኀጢአት ነው ብለን አንሰብክም፤ ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቃለን፦ ያዘዝከው ዕቃ በአገርህ ልጅ እጅ ላይ ምን ጥበብ ትቶ አለፈ? የምሕንድስና ተማሪዎች ሆይ፣ ባለጸጋው «ከማን ልዘዝ?» ብሎ ሲመልስልን «ከእኛ» ለማለት የምንበቃው ዛሬ በቤተ ሙከራው ውስጥ ስንተጋ ነው።