ቅርጹ ተሻገረ፤ ዕውቀቱስ?

ንድፍ አውጪው ኢንጂነር የአንድን ዘንግ ቅርጽ፣ የሚፈቀደውን የመጠን ልዩነት (ቶለራንስ) እና የገጽታውን ልስላሴ ኮምፒውተሩ ላይ ወስኖ ይልካል። ታዲያ የአመራረቱን ቅደም ተከተል የሚያቅደው ባለሙያ ፒዲኤፍ ከፍቶ ያንኑ ቁጥር እንደገና በእጁ የሚጽፈው ለምንድን ነው?

ደረጃ ስላልወጣለት ነው እንዳይባል ወጥቶለታል። ስቴፕ የሚባለው አይኤስኦ 10303 ሥራው በ1984 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ1994 የመጀመሪያ ክፍሎቹ ታትመዋል። የተነሳውም ቅርጽ ከሶፍትዌር ወደ ሶፍትዌር ለማሻገር ብቻ አልነበረም። 224ኛው ክፍል ኮምፒውተሩ ቀዳዳውን እንደ ቀዳዳ፣ ቦዩን እንደ ቦይ ለይቶ ለሂደት ዕቅድ እንዲያውለው የተዘጋጀ ነው። በ2014 የወጣው 242ኛው ክፍል ደግሞ ቶለራንስን ኮምፒውተር በሚረዳው መልክ ይይዛል። ይህ ሁሉ እያለ ከብዙ ድርጅቶች የሚላከው ፋይል ቅርጽ ብቻ የሆነው ስለምን ነው? ቶለራንሱ አብሮ ቢመጣ እንኳ ብዙ ጊዜ ለዓይን የተሣለ ምልክት እንጂ ሶፍትዌር የሚጠቀምበት መረጃ አይደለም።

ማሽኑ ዘንድ ሲደረስ ይብሳል። ማሽኑን የሚያዘው ቋንቋ፣ ጂ-ኮድ፣ መቁረጫውን «ወደዚህ ነጥብ በዚህ ፍጥነት ሂድ» ይለዋል፤ የሚቦረቦረው የትኛው ቀዳዳ እንደሆነ፣ ምን ያህል ጥራት እንደሚፈለግ አይነግረውም። ጂ-ኮድን ለመተካት የታሰበው አይኤስኦ 14649 ከ2003 ጀምሮ አለ። ዕቅድ አውጪው የደከመበት ዕውቀት በመጨረሻዋ ደቂቃ እንዲጣል እስከ መቼ እንፈቅዳለን?

«ሁላችንም አንድ ሶፍትዌር ብንገዛ ይበቃል» የሚሉ አሉ። የኤርባስ ኤ380 ታሪክ ምን ይመልስላቸዋል? የሃምቡርግና የቱሉዝ ቡድኖች የሠሩት ካቲያ በሚባል በአንድ የንድፍ ሶፍትዌር ነበር፤ ግን በተለያዩ ትውልዶቹ፣ አንዱ በአራተኛው፣ ሌላው በአምስተኛው። ሽቦዎቹ በታሰበላቸው ቦታ አልገጠሙም፤ አውሮፕላኑን ማስረከብም በሁለት ዓመት ገደማ ዘገየ። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ያሠራውና በ1999 የወጣው ጥናትም የሶፍትዌሮች መረጃ አለመግባባት የአገሪቱን የመኪና አቅርቦት ሰንሰለት ቢያንስ 1 ቢሊዮን ዶላር በዓመት እንደሚያስወጣው ገምቶ ነበር።

ደረጃ አውጪዎቹም ይጠየቁ። ብዙ ሺህ ገጽ ያለው ሰነድ በክፍያ ብቻ ሲሸጥ አነስተኛ ወርክሾፕ እንዴት አንብቦ ይጠቀምበታል? ሁሉም የሚገለገልበት መግባቢያ ስለምን ከዋጋ አጥር ጀርባ ይቀመጣል?

ዋናው ጥፋት ግን የገዢው ነው ባይ ነኝ። ሶፍትዌር ሻጭ ውል ያላስገደደውን ለምን ይሠራል? ደንበኛውን አስሮ የሚያቆይለት የራሱ የተዘጋ ፋይል ነውና። ስለዚህ ለፋብሪካችሁ ሶፍትዌር ወይም ማሽን የምትገዙ ሁሉ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ቶለራንስ ያለበት የራሳችሁን የምርት ክፍል በስቴፕ 242 አስልኩ፣ በሌላ ሶፍትዌር አስከፍቱ፤ ቁጥሩ እንደ መረጃ ካልተነበበ አትፈርሙ።