እሳቱ ከጠፋ በኋላስ?

በ2011 መጋቢትና ሚያዝያ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲቃጠል ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል እሳት አጥፊዎች መጡ። ክረምቱ ሲገባ ግን ስንቱ ጠየቀ? ከተከዜ ወዲህ፣ ከሰቆጣ የመጣን ተማሪዎች ይህ ያሳስበናል። አስታ ግንዱ ቢነድም ከሥሩ ያቆጠቁጣል፤ ሣሩም ዝናብ ሲያገኝ ይመለሳል። ለጋው ሣር ግን ከብት ይጠራል። ከብቱ ከቀደመ፣ ሣር በሉ ጭላዳ ምን ሊቀርለት ነው?

ይህ የሚታወቀው በየመስከረሙ እዚያው ቦታ ተመልሶ፣ መሬቱን ለክቶ፣ ቡቃያውን በመቁጠር ነው። የባዮሎጂ ልጆች ሥራ ነው እንዳትሉን፤ ቅየሳ የተማርነው ለፈተና ብቻ ነው እንዴ? እረኛውንም እንጠይቅ። የትኛው ሸንተረር መቼ እንደነደደ ከካርታችን ይልቅ እሱ ያውቃል። መድረሳ ኡስታዛችን ፊት እንደተቀመጥነው፣ እሱም ፊት እንቀመጥ። የመመዝገቢያው ወረቀት መስጂዱ በር ላይ ተለጥፏል።