ግማሹን ብቻ የሚከላከል መርፌ

መስቀል አልፎ ብርዱ መግባት ሲጀምር በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያለ የሐበሻ ቤት አንድ ክርክር አያጣም። ፋርማሲው ደጃፍ ላይ የፍሉ ክትባት ማስታወቂያ ይቆማል፤ መሥሪያ ቤቱ ኢሜይል ይልካል፤ ቡናው ሲቀርብ ደግሞ አንዷ ትነሣና «እኔ እንደሆነ ሁለተኛ አልወጋም! አምና ተወግቼ አይደል እንዴ ሳምንት ሙሉ የተኛሁት?» ትላለች። ሌላው ይቀበልና «እኔ በዕድሜዬ ተወግቼ አላውቅም፤ ይኸው ምን ሆንኩ?» ይላል። ነርስ የሆነችው እህታቸው ትቆጣለች። ክትባቱ የተረጋገጠ ነው፣ ሐኪም ሁሉ የሚመክረው ነው ብትልም የሚሰማት የለም።

እኔ ነርሷ ልክ ናት ባይ ነኝ፤ አከራከሯ ግን አይጥመኝም። ሁለቱ ሰዎች የተናገሩት በራሳቸው ላይ የደረሰውን ነው፤ ሐሰት ነው ብሎ መነሣት ከማስኮረፍ በቀር ፋይዳ የለውም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ደካማ ክትባት ነው። የኩፍኝ ክትባት ሁለቴ ከተወሰደ ከመቶ ሰው 97ቱን ያህል ይጠብቃል። የፍሉው ግን የዓመቱ ቫይረስ ከክትባቱ ጋር በደንብ ገጥሞ እንኳ ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ሕመምን የሚቀንሰው ከ40 እስከ 60 በመቶ ነው። ሳይገጥም ሲቀር ከዚያም ይወርዳል፤ ከ2014 ወደ 2015 በተሻገረው ክረምት አሜሪካ ውስጥ 19 በመቶ ገደማ ነበር። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ወደኛው እመለሳለሁ።)

ከዚህም የባሰ የሚመስል ቁጥር አለ። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ በመመርመር የሚታወቀው ኮክሬን በ2018 ባወጣው ግምገማ፣ ካልተከተቡ ጤነኛ ጎልማሶች መካከል በአንድ ወቅት በኢንፍሉዌንዛ የሚያዙት ከመቶ 2.3 ሲሆኑ፣ ከተከተቡት ደግሞ ከመቶ 0.9 ናቸው። ሲሰላ አንድ ሰው ከበሽታው እንዲተርፍ 71 ሰው መወጋት አለበት ማለት ነው። ክትባት ተቃዋሚዎች ይህን ቁጥር ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል፤ ደጋፊዎቹ ደግሞ ባያነሡት ይመርጣሉ። እኔ ግን ለክርክሩ ከዚህ የሚሻል ማስረጃ አላውቅም። ምክንያቱም ሳይወጋ ከርሞ ምንም ያልሆነው ሰውዬ ከመቶ ዘጠና ምናምን ሰው አንዱ ነው፤ የተለየ ነገር አልደረሰበትም። ተወግታ የታመመችውም እንደዚያው። ቁጥሩ የሁለቱንም ገጠመኝ አስቀድሞ ይጠብቀዋል። ስለዚህ አንድ ሰው የራሱን ክረምት እያስታወሰ ስለዚህ መርፌ መፍረድ አይችልም፤ ሃያ ዓመት ቢወጋም ሃያ ዓመት ባይወጋም የሚነግረው ነገር የለም።

ድክመቱ ከየት መጣ? ስንፍና አይደለም። ቫይረሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ተለይቶ የተገኘው በ1933 ለንደን ውስጥ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ቶማስ ፍራንሲስና በኋላ በፖሊዮ ክትባት ስሙ የገነነው ዮናስ ሳልክ ለአሜሪካ ጦር ክትባት ሠሩ፤ በ1945 ፈቃድ አገኘ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ በ1947፣ ያው ክትባት ከዳ። መርፌው ያው ነው፤ ቫይረሱ ግን መልኩን ቀይሮ መጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥራው ሁሉ ከሚሸሽ ነገር ኋላ መሮጥ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1952 ያቋቋመው የክትትል መረብ ከየአገሩ ናሙና ይሰበስባል፤ ባለሙያዎቹ በየዓመቱ የካቲት አካባቢ ይቀመጡና ለሚቀጥለው የሰሜን ንፍቀ ክበብ ክረምት የትኞቹ ዝርያዎች በክትባቱ ይግቡ የሚለውን ይወስናሉ። ለደቡቡ ደግሞ በመስከረም ይሰበሰባሉ። በየካቲት የሚወስኑት ፋብሪካው ክትባቱን ለማምረት ስድስት ወር ያህል ስለሚፈጅበት ነው፤ አብዛኛው እስከ ዛሬ የሚመረተው በዶሮ እንቁላል ነው። በእነዚያ ወራት ቫይረሱ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። አንዳንዴም ራሱ እንቁላሉ ውስጥ ሲያድግ ይለወጥና ከተፈለገው የተለየ ሆኖ ይወጣል። ይህን ሁሉ አልፎ ግማሽ ያህል መሥራቱ ለእኔ የሚያስገርም ነው።

«ተወግቼ ነው የታመምኩት» የሚለውን በአጭሩ እንለፈው። በመርፌ የሚሰጠው ክትባት ሕይወት ያለው ቫይረስ የለበትም፤ በሽታውን ሊያሲዝ አይችልም። ክንድ ያሳምማል፤ አንዳንዱን ሰው አንድ ሁለት ቀን ያተኩሰዋል፤ ያ ሰውነት እየተማረ ነው። ትምህርቱን ለመጨረስ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ በመካከሉ የያዘውን ቫይረስ አይመክትም። በዚያ ላይ ጥቅምትና ኅዳር ተራ ጉንፋን የሚያመጡ ሌሎች ቫይረሶች የሚራወጡበት ጊዜ ነው፤ ክትባቱ ከእነሱ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም።

ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰው ክትባቱን የሚመዝነው በሳል ነው፤ ክረምቱን ከሳለ አልሠራም፣ ካልሳለ ሠርቷል። መመዘን ያለበት ግን በሆስፒታል አልጋ ነው። ክትባቱ ጋቢ አይደለም፤ ነጠላ ነው፤ ብርዱ ያገኝሃል፤ ብርድ ያገኘው ሁሉ ግን እኩል አይጎዳም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ ከ3 እስከ 5 ሚሊዮን ሰው በኢንፍሉዌንዛ በጠና ይታመማል፤ ከ290 ሺህ እስከ 650 ሺህ የሚደርሰው በሚያስከትለው የመተንፈሻ አካል ሕመም ይሞታል። አብዛኛዎቹ አዛውንት፣ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ልብ፣ ስኳር፣ አስምና ኩላሊት ያለባቸው ሰዎች ናቸው። የሐበሻ ቤተሰብ አንድ በአንድ ሲቆጠር እነዚህን ከማይይዝ ቤት ይልቅ የሚይዘው አይበዛም?

ከሁሉም ያሳመነኝ የልብ ጉዳይ ነው። በ2018 የወጣ የካናዳ ኦንታሪዮ ጥናት እንዳሳየው ኢንፍሉዌንዛ እንዳለበት በምርመራ የተረጋገጠ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ሃርት አታክ የሚይዘው ከሌላው ጊዜ ስድስት እጥፍ በሚበልጥ ዕድል ነው። በ2021 በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በስምንት አገሮች ሃርት አታክ ይዟቸው ሆስፒታል ከገቡ በሽተኞች ግማሾቹ በዕጣ የፍሉ ክትባት፣ ግማሾቹ ባዶ መርፌ ተወጉ። በዓመቱ ሲታይ የመሞት፣ እንደገና በልብ የመመታትና ስቴንት የተደረገ የደም ሥር የመዘጋት አደጋ አንድ ላይ ተደምሮ በተከተቡት ዘንድ 28 በመቶ አንሶ ተገኘ። ደም ግፊቱን በኪኒን ይዞ፣ ጨው ቀንሶ፣ ቅቤ ትቶ የሚኖር አባት ሳል ስለማይከላከል ብቻ መርፌውን ሲንቅ ስሰማ የሚያበሳጨኝ ለዚህ ነው።

በሽታው ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለኛ የሚነግረን አያስፈልግም ነበር። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የዓለሙ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባ ሲገባ በከተማዋ ብቻ ወደ 10 ሺህ ሰው እንዳለቀ ይገመታል፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ታመው በጭንቅ ነው የተረፉት። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስበን የምናጥነው ያን ጊዜ እያሰብን ነው። የዛሬው የየዓመቱ ፍሉ ያንን ያህል እንደማይከፋ አውቃለሁ። ቢሆንም በየዓመቱ የሚያጥን ሕዝብ በሽታውን ከተራ ጉንፋን ጋር አንድ ማድረጉ ይገርመኛል።

እንግዲህ ውሳኔው ለሁሉም አንድ አይደለም። የአሜሪካው የበሽታ መከላከያ ማዕከል ሲዲሲ በ2010 ስድስት ወር የሞላው ሁሉ ይከተብ ብሎ ነበር፤ ለማስታወቂያ የሚመች ቃል ነው። ብቻውን የሚኖር፣ ምንም ሕመም የሌለበት የ28 ዓመት ጎረምሳ ዘንድሮ ቢያልፈው እኔ በበኩሌ ፊት አልነሣውም፤ የሚያገኘው ጥቅም ትንሽ ነው። ግን ያ ጎረምሳ ማን ነው? እኛ መካከል ስፈልገው አላገኘውም። ቀን ኡበር የሚነዳው ማታ የአክስቱ ቤት ነው የሚበላው። ሌላዋ ናርሲንግ ሆም ውስጥ የዘጠና ዓመት አዛውንት ታጥባለች። ሦስተኛው ቤት አራስ አለች፤ ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ደግሞ መከተብ ስለማይችል ጋሻው ወይ በእርግዝናዋ ጊዜ የተከተበች እናቱ ናት፣ ወይ ዙሪያውን ያሉት ናቸው።

ከሁሉም የሚዘነጋው ከአገር ቤት ለጥየቃ የመጣ ወላጅ ነው። እናት ለልጇ አራስ ጥየቃ ጥቅምት ላይ ትመጣለች፤ መጋቢት ላይ ትመለሳለች፤ የፍሉ ወቅት ማለት ይኸው ነው። ሜዲኬር የላት፣ የረባ ኢንሹራንስ የላት። እኔም እናቴን ይዤ ፋርማሲ ሄጃለሁ። ጽጌ ጾም ነበርና መጀመሪያ የጠየቁት «ጾም ያስገድፋል ወይ?» ብለው ነው፤ በክንድ የሚገባ እንጂ የሚበላ አይደለም ስላቸው ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። የምትወጋው ልጅ እንደ ዕድል ሐበሻ ነበረች። «እማማ፣ እጅጌዎን ሰብሰብ ያድርጉልኝ። እንቁላል ወይም መድኃኒት ተቆጥቶዎት ያውቃል?» «ኧረ እኔን የሚቆጣኝስ እሱ ነው፤» አሉ ወደኔ እያዩ። ሳይጨርሱት መርፌው ወጥቷል። «ይኸው ነው እንዴ?» ብለው ክንዳቸውን ፈተሹ። የከፈልነው በአስር የሚቆጠር ዶላር ነው፤ በካውንቲው ጤና ቢሮ በኩል በነፃ ወይም በትንሽ ዋጋ የሚሰጥበት ቦታም አለ። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ሆስፒታል አንድ ሌሊት ቢያድር የሚመጣውን ሒሳብ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ወላጅ የሚያስከትብ ሰው አንድ ነገር ስም ጠርቶ ይጠይቅ። ዕድሜው 65 ለሞላው የተለየ፣ ኃይሉ ከፍ ያለ ክትባት አለ፤ አንዱ ዓይነት ከመደበኛው አራት እጥፍ ንጥረ ነገር ይዟል። ወደ 32 ሺህ በሚጠጉ አዛውንት ላይ ተሞክሮ ከመደበኛው ይልቅ በበሽታው መያዝን በ24 በመቶ ቀንሷል። ካልጠየቁ መደበኛውን ሊወጉ ይችላሉ።

ፍርሃት ያለበትን ሰው አልንቅም። በ1976 አሜሪካ የአሳማ ፍሉ ይመጣል ብላ ወደ 45 ሚሊዮን ሰው በጥድፊያ ከከተበች በኋላ ጊላን ባሬ የሚባለው ነርቭ የሚያሰንፍ ሕመም ከመቶ ሺህ አንድ ያህል ሰው ላይ ጨምሮ በመታየቱ ዘመቻው ቆሟል። ይህ የሆነ ነገር ነው፤ አልሆነም የሚል ሐኪም አትመኑ። በዛሬው ክትባት ቢኖር እንኳ ከሚሊዮን አንድ ወይም ሁለት ነው፤ ራሱ ኢንፍሉዌንዛውም ያንኑ ሕመም ያስከትላል። ሌላው በአፍንጫ የሚረጨው ፍሉሚስት ነው፤ ከአሳማ የተገኘ ጀላቲን አለበት። ይህን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤቴ ቢያውቀው ደስ ይለኛል፤ መርፌውን የመረጠ ከዚያ ጣጣ ይድናል።

ስለ አገር ቤት ብዙ የምለው የለም። የወቅቱ የፍሉ ክትባት በኢትዮጵያ መደበኛ የክትባት መርሐ ግብር ውስጥ የለም፤ ፍሉውም እንደ አሜሪካ አንድ ክረምት ጠብቆ ብቻ አይመጣም። አንድ ነገር ግን በእጃችን ነው። ለገናና ለጥምቀት ከዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥተን አዲስ አበባ የምንገባው ልክ በአሜሪካ በሽታው በሚጋምበት ሰሞን ነው። አውሮፕላን ውስጥ አሥራ ሦስት ሰዓት ተጨናንቀን እንቀመጥና ወርደን አያቶቻችንን ጉንጫቸውን እያገላበጥን እንስማለን፤ እነሱ ያልተከተቡ ናቸው። ሻንጣ ከመሙላት በፊት፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ መወጋት ከምንወስድላቸው ሹራብ ያላነሰ ስጦታ ነው።

ይህን ሁሉ ሰምቶም አልወጋም የሚል ይኖራል፤ መብቱ ነው። እሱም ቢሆን አንድ ነገር ይወቅ። ኢንፍሉዌንዛ ቀስ ብሎ አይገባም፤ ጠዋት ደኅና የዋለውን ማታ በትኩሳት፣ በራስ ምታትና በቁርጥማት ይጥለዋል። ምርመራው በአፍንጫ ጥጥ ነው፤ ደቂቃዎች ይበቁታል። ታሚፍሉ በሚለው ስም የሚታወቀው መድኃኒት የበለጠ የሚረዳው ሕመሙ በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲወሰድ ነው፤ በጠና ለታመመና ሆስፒታል ለተኛ ግን ዘግይቶም ይሰጣል። ዳማ ከሴውንና ነጭ ሽንኩርት በማሩን ማንም አይከለክለውም፤ በእነሱ ሲያስታምም ሦስት ቀን አሳልፎ የሚመጣ አዛውንት ወይም ነፍሰ ጡር ግን መድኃኒቱ ሊያደርግለት ይችል ከነበረው አብዛኛውን አጥቶ ነው ሐኪም ፊት የሚቀመጠው።