ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ ግልጽ ደብዳቤ፦ መተማ ላይ ያልተፈተነ መለኪያ መተማን አይለካም

ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ አመራር
ለንግድና ኢኮኖሚክስ ኮሌጅ
ለድኅረ ምረቃ መምህራንና አማካሪዎች
ጎንደር

ጉዳዩ፦ በሥራ አመራር ጥናቶች የሚሠራባቸው መጠይቆች በቆላው ሕዝብ ላይ እንዲፈተሹ ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

የምጽፍላችሁ ከገንዳ ውኃ ነው። ሥራዬ መረጃ መሰብሰብ ነው። ለማስተርስ መመረቂያ፣ ለመሥሪያ ቤት የእርካታ ዳሰሳ ወይም ለፕሮጀክት ግምገማ የተዘጋጀ መጠይቅ ይዤ መተማ ዮሐንስ፣ ኮኪት፣ ሽንፋ፣ አንዳንዴም ቋራ ገለጎ ድረስ እሄዳለሁ። የባንክ ሠራተኛውን፣ የጉምሩክ ባለሙያውን፣ የሰሊጥ ባለሀብቱን፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ገንዘብ ያዡን፣ ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የወረደውን የቀን ሠራተኛ እጠይቃለሁ። ቅጹ ላይ «በጣም አልስማማም» ከሚለው እስከ «በጣም እስማማለሁ» ድረስ አምስት ሳጥን አለ። ሰው የተናገረው ሁሉ ከአምስቱ በአንዱ ገብቶ ቁጥር ይሆናል። ቁጥሩ ሠንጠረዥ፣ ሠንጠረዡ መደምደሚያ፣ መደምደሚያው የሥልጠና ዕቅድና የበጀት ጥያቄ ይሆናል።

የማነሣው ጉዳይ አንድ ነው። ቅጹ እለካዋለሁ ያለውን ነገር በእርግጥ መለካቱ በዚህ ቋንቋ፣ በእነዚህ ሰዎች ላይ ሳይረጋገጥ ቁጥሩ ይታመናል። ልማዱ የአንድ ኮሌጅ ወይም የአንድ ተማሪ አይደለም፤ በአገሪቱ ሁሉ የተስፋፋ ነው። ለእናንተ የምጽፈው በማረሙ ቀዳሚ ልትሆኑ ስለምትችሉ ነው።

በአገልግሎት ጥራት ጥናት ብዙ ጊዜ እጄ የሚገባው መጠይቅ ሰርቭኳል ነው። ፓራሱራማን፣ ዘይትሃምልና ቤሪ በ1988 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት፣ 22 ጥያቄዎችና አምስት ዘርፎች ያሉት የአሜሪካ መለኪያ ነው። የተፈተነውም በባንክ፣ በክሬዲት ካርድ፣ በዕቃ ጥገናና በረጅም ርቀት ስልክ ደንበኞች ላይ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ክሮኒንና ቴይለር እዚያው አሜሪካ ሲፈትኑት አምስቱ ዘርፎች እንደተባለው ተለይተው አልወጡላቸውም። በተወለደበት አገር ይህን ያህል ያከራከረ መለኪያ መተማ ሲደርስ ጠያቂ የለውም። ወደ አማርኛ ይመለስና ይባዛል፤ እኔም ተሸክሜው እሄዳለሁ።

በሪፖርቱ ውስጥ ማረጋገጫ ሆኖ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ የክሮንባክ አልፋ ከ0.7 በላይ ስለሆነ መጠይቁ አስተማማኝ ነው ይላል። በ1951 እ.ኤ.አ. ሊ ክሮንባክ ባሳተመው ጽሑፍ ስሙን ያገኘው ይህ ቁጥር ጥያቄዎቹ እርስ በርሳቸው ምን ያህል እንደሚሄዱ ይናገራል። ምን እንደሚለኩ ግን አይናገርም። የሚለኩት አንድ ነገር ብቻ መሆኑንም አያረጋግጥም።

ስሌቱን እንየው። በጥያቄዎቹ መካከል ያለው አማካይ ተዛምዶ 0.3 ይሁን። ጥያቄዎቹ አምስት ሲሆኑ አልፋ 0.68 ይሆናል፤ አሥር ሲሆኑ 0.81፣ ሃያ ሲሆኑ ደግሞ 0.90 ገደማ። የጥያቄዎቹ ጥራት ቅንጣት ሳይለወጥ፣ በብዛታቸው ብቻ መጠይቁ ከወዳቂነት ወደ ምስጉንነት ተሸጋገረ። አሁን ደግሞ አምስት ጥያቄ ስለ ደመወዝ፣ አምስት ጥያቄ ስለ ሥራ ባልደረባ እናዘጋጅ። በየምድቡ ውስጥ ያለው ተዛምዶ 0.6፣ በሁለቱ ምድቦች መካከል ያለው ዜሮ ይሁን። አሥሩን አንድ ላይ አድርገን ስናሰላ አልፋ 0.78 ይወጣል። ፈጽሞ የማይገናኙ ሁለት ጉዳዮች «የሥራ እርካታ» በሚል አንድ ስም ተጠርተው ፈተናውን ያልፋሉ። የ0.7 መስፈርት የሚጠቀስለት ኑናሊ ራሱ በ1978 እ.ኤ.አ. መጽሐፉ ይህን መጠን ያስቀመጠው ለጅምር ምርምር ነው። ውጤቱ በሰው ላይ ውሳኔ የሚሰጥበት ከሆነ ቢያንስ 0.90 ያስፈልጋል ብሏል።

በቆላው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር አለ። በአንድ ክረምት ከኮኪት ራቅ ብሎ ባለ የሰሊጥ እርሻ ካምፕ ለአረም የመጣ ወጣት በምሳ ሰዓት ዳስ ጥላ ሥር አስቀምጬ ጠየቅሁት። «ድርጅቱ ለሙያ ዕድገቴ ግልጽ ዕቅድ አለው» የሚለውን አነበብሁለት። ልጁ የተቀጠረው በቀን ሒሳብ ነው፤ አረሙ ሲያልቅ ይሄዳል። ጥቂት አሰበና «እስማማለሁ በለው» አለኝ። የሚቀጥለውን ሳነብለት «እሱንም እስማማለሁ በለው ወንድሜ፤ እንጀራ የምበላበትን ሰው በክፉ አላነሣም» አለ። ቀጥሎ ሆን ተብሎ ተገልብጦ የተጻፈ ጥያቄ መጣ፤ «ከአለቃዬ ጋር ያለኝ ግንኙነት አያስደስተኝም» ይላል። ለዚህም መልሱ «እስማማለሁ» ሆነ። አለቃው ከዳሱ ማዶ ቆሞ ነበር።

ይህ ልጅ ሊያታልለኝ አልፈለገም። ለማያውቀው ሰው፣ ደመወዙን በያዘው ሰው ግቢ፣ ድምፁ እየተሰማ ሲመልስ ራሱን ጠበቀ። እንዲህ ያለ መልስ የሚሰጡ ሰዎች ከጥቂቶች ቅሬታ አቅራቢዎች ጋር ተቀላቅለው ሲደመሩ በቀና የተጻፉት ጥያቄዎች አብረው ይሄዳሉ፤ አልፋም ከፍ ይላል። ከመሥመር የሚወጣው ተገልብጦ የተጻፈው ጥያቄ ነው። ተማሪው ኤስ.ፒ.ኤስ.ኤስ. በተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ «ይህ ጥያቄ ቢወጣ አልፋ ይጨምራል» የሚለውን ሠንጠረዥ ያያል፤ ጥያቄውንም ያወጣዋል። ችግሩን ያጋለጠው ብቸኛ ምስክር በዚህ መንገድ ከመዝገብ ይሰረዛል። ፍርሃትና ይሉኝታ የወለዱት ቁጥር በጥራት ማረጋገጫ ታጅቦ ይወጣል።

ክቡራን፣ መለኪያ በሚሠራበት ቦታ መፈተን እንዳለበት ለእናንተ የሚነገር አዲስ ነገር አይደለም። ካላዛር የመተማንና የአርማጭሆን እርሻ ሠራተኛ ሲፈጅ የኖረ በሽታ ነው፤ ከሕሙማኑም በርካቶች የሚታከሙት የዩኒቨርሲቲው ሐኪሞችና ተመራማሪዎች በሚሠሩበት የጎንደር ሆስፒታል ነው። አርኬ 39 የተባለው ፈጣን መመርመሪያ በሕንድ ክፍለ አህጉር ከ100 ሕሙማን 97 ያህሉን ሲለይ በምሥራቅ አፍሪካ ግን 85 ያህሉን ብቻ እንደሚለይ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮክሬን የጥናቶች ግምገማ አሳይቷል። መመርመሪያው ያው ነው፤ የተለወጠው አገሩ ነው። የእናንተ ሐኪም «ሕንድ ላይ ሠርቷል» ብሎ ብቻ አይረካም። ስለ ሰው አእምሮና ስለ ሰው ስሜት የሚጠይቅ ቅጽ ደግሞ ከደም ምርመራ ይልቅ ለቋንቋና ለአገር ልማድ የተጋለጠ ነው። የጤና ባልደረቦቻችሁ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዳባት ላይ የሕዝብና የጤና ክትትል ጣቢያ ይዘው ሕዝቡን እየተከታተሉ ያጠናሉ። በደቡብም በቡታጅራ ተመራማሪዎች የቤተሰብ ምግብ ዋስትና መጠይቅ በከተማና በገጠር እኩል ይሠራ እንደሆነ ፈትሸው በ2015 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። የሥራ አመራር ትምህርት ከዚህ ዝቅ ባለ መስፈርት የሚመራበት ምክንያት የለም።

መንገዱ የታወቀ ነው። መጀመሪያ የሚለካው ነገር ከሰዎቹ አፍ ይሰማ። የአረም ሠራተኛ ጥሩ አሠሪ የሚለው ሒሳቡን በዕለቱ የሚዘጋውን፣ ንጹሕ ውኃ የሚያቀርበውን፣ አጎበር የሚሰጠውን፣ ወባ ሲይዘው ጤና ጣቢያ የሚያደርሰውን ነው። አጎበርና ውኃ የሚል ጥያቄ በያዝኋቸው የሥራ እርካታ መጠይቆች ውስጥ አላጋጠመኝም። ቀጥሎ ጉዳዩን የሚያውቁ ዳኞች እያንዳንዱን ጥያቄ ይመዝኑ። ላውሺ በ1975 እ.ኤ.አ. ባወጣው ቀመር ከአሥር ዳኞች ስምንቱ «አስፈላጊ ነው» ቢሉ ውጤቱ 0.60 ነው፤ ለአሥር ዳኞች የተቀመጠው ዝቅተኛ መጠን 0.62 ስለሆነ ጥያቄው ይወድቃል። ከዳኞቹ መካከል መምህራን ብቻ ሳይሆኑ የካምፕ ኃላፊና የቀን ሠራተኛም ይኑሩ።

አንዱ ወደ አማርኛ የመለሰውን ሌላው መነሻውን ሳያይ መልሶ ወደ እንግሊዝኛ እንዲተረጉመው ማድረግ ብሪስሊን በ1970 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው መልካም ልማድ ነው፤ ሆኖም ለብቻው አይበቃም። ሁለት የተማሩ ሰዎች የተግባቡበት አማርኛ ለምዕራብ አርማጭሆ ገበሬ ላይገባው ይችላል። ስለዚህ ከጥቂት ሰዎች ጋር ቁጭ ብሎ «ጥያቄውን በራስህ አነጋገር ንገረኝ፤ ይህን መልስ ለምን መረጥህ?» ማለት የግድ ነው። ለጉሙዝ ተናጋሪዎች ደግሞ ይኸው ሥራ በራሳቸው ቋንቋ ይሠራ።

ከዚያ ስታቲስቲክሱ ይመጣል። መጠይቁ ስንት ዘርፍ እንዳለው ለመወሰን ሶፍትዌሩ ካልተለወጠ በራሱ የሚጠቀምበት «አይገን ቫሊዩ ከ1 በላይ» የሚል ደንብ ብዙ ጊዜ ዘርፍ ያበዛል። ሆርን በ1965 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ፓራለል አናሊሲስ የተሻለ ነው፤ የኛን መረጃ በዘፈቀደ ከተፈጠረ መረጃ ጋር አወዳድሮ ከዕድል የሚበልጠውን ዘርፍ ብቻ ያስቀራል። የተገኘው መዋቅር በሌሎች ሰዎች ላይ በኮንፈርማቶሪ ፋክተር አናሊሲስ ይፈተን፤ ከአንድ መረጃ አውጥቶ በዚያው መረጃ ማረጋገጥ ማረጋገጫ አይሆንም። የአምስቱ ሳጥን መልስ የደረጃ መልስ ስለሆነ ፖሊኮሪክ ተዛምዶን መጠቀም ይገባል። ቁርጠኝነትና እርካታ በእርግጥ ሁለት ነገር መሆናቸውም በፎርኔልና ላርከር መስፈርት ወይም በ2015 እ.ኤ.አ. በቀረበው ኤች.ቲ.ኤም.ቲ. ይታይ።

ከሁሉ በላይ መጠይቁ ከወረቀት ውጭ ካለ እውነት ጋር ይገናኝ። ቆላው ለዚህ የተመቸ ነው። ሰሊጥ በጊዜው ካልታጨደ ፍሬው ተፈልቅቆ ይረግፋል፤ ስለዚህ ባለሀብቱን የሚያሳስበው ሐምሌ ላይ ያረመው ሠራተኛ ለአጨዳ መገኘቱ ነው። ሐምሌ ላይ በመጠይቁ «እቆያለሁ» ያለው በጥቅምት ተገኝቷል? ካምፑ የክፍያ መዝገብ አለው፤ ፈቃዳቸውን የሰጡ ሠራተኞችን መልስ ከመዝገቡ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። መጠይቁ የሚቆየውን ከሚሄደው የማይለይ ከሆነ አልፋው 0.95 ቢሆንም አይጠቅምም።

ስለ ማነጻጸርም ልጨምር። የመተማን ተገልጋይ እርካታ ከባሕር ዳር ወይም ከጎንደር ጋር አወዳድሮ ደረጃ የሚያወጣ ጥናት መጀመሪያ ጥያቄዎቹ በሁሉም ቦታ በአንድ ዓይነት መንገድ መሥራታቸውን ማሳየት አለበት። መዋቅሩ፣ የጥያቄዎቹ ክብደትና መነሻቸው እኩል መሆኑ በየተራ ይፈተናል። ይህ ካልተደረገ የታየው ልዩነት የአገልግሎት ይሁን የአመላለስ አይታወቅም። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በሱዳን ጦርነት ምክንያት በመተማ ዮሐንስ ብዙ ተፈናቃይ አልፏል፤ የአማራ ክልልም በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ግጭት ውስጥ ገብቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ወረቀት ይዞ የሚመጣን እንግዳ የሚፈራ ሰው የሚሰጠው «4»፣ ሰላም በሆነ ከተማ ያለ ሰው ከሚሰጠው «4» ጋር አንድ ነው ብሎ መደመር ተገቢ አይደለም።

ተማሪው ጊዜም ገንዘብም የለውም እንደሚባል አውቃለሁ። እውነት ነው፤ አንድ ተማሪ በአንድ ሴሚስተር ይህን ሁሉ ሊሠራ አይችልም። ለዚህ ነው ጥያቄዬን ለተማሪው ሳይሆን ለተቋሙ ያቀረብሁት። አንዱ የጀመረውን ሌላው እንዲቀጥል ማድረግ የሚችለው ተቋም ነው። ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ ያስተማረ፣ ከአገሪቱ ስምንት የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ሆኖ የተለየ ተቋም አቅም ያንሰዋል ብዬ አላምንም።

ስለዚህ በአክብሮት የምጠይቀው ይህን ነው።

1. በመጠይቅ የሚሠራ ማንኛውም የመመረቂያ ጽሑፍ ለመላሹ የተነበበውን የአማርኛ ወይም የሌላ ቋንቋ ቅጽ ሙሉውን፣ ከመላሾች ጋር የተደረገውን የመረዳት ቃለ መጠይቅ ውጤት ጨምሮ እንዲያያይዝ ይደንገግ።

2. አልፋ ብቻውን እንደ ማረጋገጫ አይቆጠር። የዘርፎቹ መዋቅር በዚህ ሕዝብ ላይ ምን እንደሆነ ይታይ፤ የወጣ ጥያቄ ካለም ለምን እንደወጣ በይዘቱ ይገለጽ።

3. በኮሌጁ ሥር ለሁሉም ክፍት የሆነ የአማርኛ መለኪያዎች ማኅደር ይቋቋም። የባለመብት ፈቃድ የሚያስፈልጋቸው በፈቃድ ይግቡ። ሥራው በሦስት ይጀመር፦ በተገልጋይ እርካታ፣ በመንግሥት ሠራተኛ የሥራ እርካታ፣ በወቅታዊ የእርሻ ሠራተኛና በአሠሪው መካከል ባለ መተማመን።

4. ነባር መለኪያን ከመድገም ይልቅ መፈተሽ ራሱን የቻለ የመመረቂያ ርዕስ ሆኖ ይታወቅ። «ይህ መጠይቅ እዚህ አይሠራም» የሚል ውጤት ያመጣ ተማሪ ሙሉ ነጥቡን ያግኝ።

5. መረጃ ሰብሳቢዎች ከመውጣታችን በፊት ሥልጠና እናግኝ። መልሱ አለቃ በማይሰማበት ቦታ ይወሰድ፤ እኛ ያየነውም በጥናቱ ውስጥ ይጻፍ።

እኔና የሙያ ባልደረቦቼ በበኩላችን ካምፖቹን እናሳያለን፤ የሚፈተኑትን ጥያቄዎች ከሰዎቹ ጋር ቁጭ ብለን እናነባለን። ከመጪው የአረም ወቅት በፊት አንድ መምህርና ጥቂት ተማሪዎች ወደ ገንዳ ውኃ ብትልኩ ሥራው ሐምሌ ላይ ሊጀመርና በጥቅምት አጨዳ የመጀመሪያው መለኪያ ከእውነቱ ጋር ሊመሳከር ይችላል። መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
መረጃ ሰብሳቢ፣ ገንዳ ውኃ፣ ምዕራብ ጎንደር