እርማት ያልሠራ ተማሪ አዲስ ምዕራፍ አይጀምርም

ሰኞ መስከረም 26 ቀን 2018 ዓ.ም. የመምህራን ማረፊያ ክፍላችን ውስጥ ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ ነበር። ፕሬዚዳንት ታዬ አጽቀ ሥላሴ የሁለቱን ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ይከፍታሉ። ክፍለ ጊዜ የሌለን መምህራን ሻያችንን ይዘን እናዳምጣለን። ንግግሩ ሲያልቅ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው ባልደረባችን መነጽሩን አወለቀና "የአምናውስ ምን ደረሰ?" አለ።

ማንም አልመለሰለትም። ደወል ተደወለ፣ ጠመኔያችንን አንስተን ወደየክፍላችን ገባን።

ጥያቄዋ ግን አልለቀቀችኝም። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሥራ ሰባት ዓመት አስተምሬያለሁ። የፓርቲ አባል አይደለሁም፣ ተቃዋሚም አይደለሁም። ሥራዬ ማረም ነው። እንደ አራሚ የማየው ነገር ስላለ ልጻፈው።

መጀመሪያ ለሚገባው የሚገባውን እንስጥ። የህዳሴ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ። አሥራ አራት ዓመት ፈጀ፤ ዘገየ፣ ተሰረቀበት፣ ታረመ፣ አለቀ። እኔም ከቀጭን ደመወዜ ላይ ቦንድ ገዝቼበታለሁና ሲመረቅ እንባዬ መጥቷል። ይህን የማይቀበል ሰው ጋር ክርክር የለኝም። ግድቡ ግን ሌላም ነገር አስተምሮናል። ሕዝቡ ስንት በመቶ ደረሰ እያለ በየዓመቱ ይጠይቅ ነበር፣ መላሹም በቁጥር ይመልስ ነበር። ሲዘገይ መዘግየቱን፣ ሲበላሽ መበላሸቱን ሰማን። ያ ሥራ ያለቀው እየተጠየቀ ስለተሠራ ነው።

ታዲያ ሌላው ቃል ሁሉ ለምን እንደዚያ አይጠየቅም?

እስቲ የእኛን የመምህራንን ኑሮ ተመልከቱ። ነሐሴ ሲያልቅ ዓመታዊ ዕቅድ አዘጋጃለሁ። ከዚያ የሳምንት ዕቅድ፣ ከዚያ የዕለት ዕቅድ። ርዕሰ መምህሩ ይፈርምበታል፣ ሱፐርቫይዘሩ መጥቶ ያየዋል። በመንፈቀ ዓመቱ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ይሞላልኛል። "ምዕራፍ አራትን በጥር እጨርሳለሁ ብለህ ነበር፣ ለምን አልጨረስክም?" እባላለሁ። መብራት ጠፋ፣ መጽሐፍ አልደረሰም ብል ምክንያቴ በጽሑፍ ይያዛል እንጂ ምዕራፍ አራት ከወረቀቱ ላይ አይሰረዝም። በዓመቱ መጀመሪያ ስለ አምናው ምንም ሳልናገር "ዘንድሮ ምዕራፍ አምስትን በላቀ ብቃት አስተምራለሁ" ብዬ አዲስ ዕቅድ ባስገባ ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን ፊቴ ላይ ይመልስልኛል።

የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ነርሷም፣ የወረዳ ጸሐፊዋም፣ የግብርና ባለሙያውም እንደዚሁ ነው የሚመዘነው። በዚህ አገር ከአምናው ዕቅዱ ጋር ጎን ለጎን የማይታይ ዕቅድ ቢኖር ከሁሉም በላይ ያለው ዕቅድ ነው።

ይህ ምክር ቤት የተመሠረተው መስከረም 24 ቀን 2014 ነበር። ከዚያ ወዲህ አምስት የመክፈቻ ንግግሮች ሰምተናል። ሦስቱን ያቀረቡት ቀድሞዋ ፕሬዚዳንት ሣህለወርቅ ዘውዴ ናቸው፣ ሁለቱን የአሁኑ ፕሬዚዳንት። የ2014ቱን ስንሰማ ሰሜኑ በጦርነት ይነድ ነበር። የ2015ቱን በሰማን በወሩ አካባቢ፣ ጥቅምት 23፣ የፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ፤ እግዚአብሔር ይመስገን አልን። የ2016ቱን ስንሰማ ደግሞ ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል ምክንያት የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥራ ላይ ነበር። ሰላም የሚለው ቃል ከአምስቱም ንግግሮች አልቀረም። ከእነዚያ ቃሎች የትኛው በየትኛው ወረዳ እንደተፈጸመ፣ የትኛው እንዳልተፈጸመና ለምን እንዳልተፈጸመ ግን ንግግሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ የነገረን የለም። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት በዚህች አገር ወደ 9 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸውን ተናግሯል። ለእኔ የሰላም መለኪያ ይህ ነው፤ ስንቱ ክፍል ዛሬ ጠዋት ተከፈተ?

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልግባ።

ከ2014 ትምህርት ዘመን ተፈታኞች ጀምሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ይሰጣል። ልጆቹ ከትምህርት ቤታቸው ወጥተው፣ በማያውቁት ግቢ፣ የማያውቋቸው ፈታኞች ፊት ተቀመጡ። ምክንያቱ ኩረጃ ነበር። ውጤቱ ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያ 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ። በእነዚህ ቁጥሮች የተነሳ ስንት ቤት እንደተለቀሰ እኔ አውቃለሁ። ተማሪዎቼ ናቸው። ሆኖም እርምጃውን ደግፌዋለሁ፣ ዛሬም እደግፈዋለሁ። ውሸት ከሆነ ዘጠና እውነተኛ ሠላሳ ይሻላል። ቁስሉን ሳያዩ መድኃኒት አይታዘዝም።

እንግዲህ መንግሥት ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ያወጣውን ሕግ አስተውሉ። ራስህ ባወጣኸው ፈተና አትፈተንም። በራስህ ትምህርት ቤት አትፈተንም። ወረቀትህን ጓደኛህ አያርመውም። ውጤትህ መጥፎ ቢሆንም ይለጠፋል።

ይኸው ሕግ ለሕግ አውጪው የማይሠራው ለምንድን ነው? የዓመቱን ዕቅድ የሚያወጣው መንግሥት ነው። የሚፈጽመው መንግሥት ነው። ተፈጸመ ብሎ የሚነግረን መንግሥት ነው። የሚያጨበጭበውም አብዛኛውን መቀመጫ የያዘው የራሱ ፓርቲ ነው። ልጆቻችንን ከዚህ ዓይነት ፈተና ለማላቀቅ አይደለም እንዴ በአውቶቡስ ጭነን ዩኒቨርሲቲ የወሰድናቸው?

አንድ ምሳሌ ልጨምር። በመስከረም 2017 ንግግር ኢኮኖሚው በዓመቱ 8.4 በመቶ እንደሚያድግ ሰማን። በዓመቱ የፈተና ውጤት ሲወጣ ያለፉት ተማሪዎች 8.4 በመቶ ሆኑ። ሁለቱ ቁጥሮች እንደማይነጻጸሩ ሒሳብ አስተማሪ ነኝና አውቃለሁ፤ መገጣጠማቸው አጋጣሚ ነው። ልዩነታቸውን ግን ልብ በሉ። ሁለተኛው 8.4 ከጀርባው 585,882 ልጆች አሉት፤ እያንዳንዱ ውጤቱን በመለያ ቁጥሩ ከፍቶ አይቷል፣ ያልመሰለው አቤት ብሏል። የመጀመሪያውን 8.4 እናንተ በምን ከፍታችሁ አያችሁት? በዘይቱ ዋጋ? በቤት ኪራዩ? አቤት የምትሉበት መስኮትስ የት ነው?

ደመወዝ ተጨምሯል፤ አልክድም። ከዘንድሮ መስከረም ጀምሮ የዲግሪ ጀማሪ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር አድጓል። ይህ ይነገራል፣ መነገርም አለበት። ነገር ግን በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ እንደነበር፣ ዛሬ ከ140 ብር በላይ እንደሆነ በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ አብሮ ሊነገር ይገባል። መደመሩን ጽፎ መቀነሱን የተወ ተማሪ ከእኔ ዘንድ ሙሉ ማርክ አያገኝም። እርምጃው ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። እኔ የምለው ስሌቱ በሙሉ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ ነው።

አንዳንድ ሰዎች "ፕሬዚዳንቱን ለምን ትወቅሳለህ?" ይሉኛል። እኔ እሳቸውን አልወቅስም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 71 የሰጣቸው የጋራ ስብሰባውን መክፈት ነው፤ ያነበቡት የመንግሥትን ዕቅድ ነው። መስከረም 27 ቀን 2017 ፕሬዚዳንት ታዬ የተሾሙትም፣ የዓመቱን ዕቅድ ያነበቡትም በዚያው ዕለት ነበር። በአንድ ጠዋት የአንድ አገር ዕቅድ የሚያወጣ ሰው የለም። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል፤ አንባቢው ባለቤቱ አይደለም፣ ባለቤቱ ደግሞ በዚያ ቀን አድማጭ ሆኖ ይቀመጣል። ቃሉ በሁለት ሰዎች መካከል ይንሳፈፋል። ቃል የእምነት ዕዳ ነው ይባላል፤ ባለዕዳው ያልታወቀ ዕዳ ግን ማን ይከፍላል?

"ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቀርበው ጥያቄ ይመልሳሉ እኮ" የሚልም አለ። እውነት ነው፣ ይቀርባሉ፣ ለሰዓታትም ይናገራሉ። ግን ያ ክፍለ ጊዜ ስሙ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ምክር ቤቱ በንግግሩ ላይ የሚወያየው "የድጋፍ ሞሽን" ቀርቦ ነው። ውይይቱ ሳይጀመር ድጋፍ ተብሎ ስም ወጥቶለታል! ፈተና ሳልሰጥ "የማለፊያ ፈተና" ብዬ ብጠራው ተማሪዎቼ ምን ይማሩበታል? ጥያቄዎች ተሰብስበው ይቀርባሉ፣ መልሱ ባንድ ላይ ይመጣል፣ ጠያቂው "ጥያቄዬ አልተመለሰም" ብሎ ደግሞ የሚነሳበት ዕድል ጠባብ ነው። ሕገ መንግሥቱ ግን አንቀጽ 55 ላይ ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጠርቶ የመጠየቅና የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን እንዳለው ይናገራል። አንቀጽ 74 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስለተከናወኑ ሥራዎች ለምክር ቤቱ በየጊዜው ሪፖርት እንዲያቀርቡ ያዛል። ሥልጣኑ አለ። የጎደለው የሚጠቀምበት ሰው ነው።

ጎረቤታችን ኬንያ በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕገ መንግሥት፣ አንቀጽ 132፣ ፕሬዚዳንቱ በዓመት አንድ ጊዜ ለሕዝብ ንግግር አድርጎ በብሔራዊ እሴቶች ረገድ ምን እንደተሠራና ምን ውጤት እንደተገኘ እንዲያሳውቅ፣ ዝርዝሩንም በጋዜጣ እንዲያወጣ አስገድዳለች። ኬንያ ገነት ናት አላልኩም፤ ናይሮቢ ጎዳና ላይ ወጣቶች ለምን እንደወጡ አይተናል። ግን ቢያንስ የኬንያ ዜጋ "የተሠራውን አምጣ" የሚልበት አንቀጽ በእጁ አለ።

ማማረር ብቻ እንዳይሆን የምጠይቀውን ልዘርዝር። ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፦ ከመክፈቻ ንግግሩ ጋር አንድ ሠንጠረዥ ይያያዝ። በአንድ በኩል የአምናው ቃል፣ በሌላው በኩል ተፈጸመ፣ በከፊል ተፈጸመ፣ አልተፈጸመም የሚል፣ ከጎኑ ምክንያቱ። ለምክር ቤት አባላት ከቀናት በፊት ይድረስ፣ ለሕዝብም ይውጣ። ወጪው ወረቀትና ቀለም ነው።

ሁለተኛ፦ ሠንጠረዡን የሠራው አካል ብቻውን አይመርምረው። የፌዴራል ዋና ኦዲተርን የሚሾመው ምክር ቤቱ ነው፤ የኦዲት ሪፖርቱንም በየዓመቱ ይሰማል። ያን ሪፖርት ከመክፈቻ ንግግሩ ጎን አስቀምጦ ማንበብ አዲስ ሕግ አይጠይቅም።

ሦስተኛ፦ "የድጋፍ ሞሽን" የሚለው ስም ይቅር፣ ጠያቂው መልሱ ካላረካው ደግሞ ይጠይቅ። መደገፍ የፈለገ ከሰማ በኋላ ይደግፍ።

"ጦርነት ነበር፣ የዓለም ዋጋ ተናረ፣ ድርቅ መጣ" የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ይምጣ! እኔም የምፈልገው እሱን ነው። ሠንጠረዡ ላይ ምክንያት የሚል ዓምድ ያስቀመጥኩት ለዚህ ነው። "ይህን አስበን ነበር፣ በዚህ ምክንያት አልቻልንም" የሚል መንግሥት ትንሽ አይሆንም። ያልተፈጸመው ተረስቶ አዲስ ቃል ሲደረብበት ነው ሰው ተስፋ የሚቆርጠው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚለው ተረት የመጣው ላሟን ፈልጎ ካጣ ሰው ነው።

ለእናንተ ለአንባቢዎችም ድርሻ አለኝ። ይህ ዓመት የምክር ቤቱ የመጨረሻ ዓመት ነው፣ ምርጫም ከፊታችን ነው። የዘንድሮውን ንግግር ሙሉ ጽሑፍ ፈልጋችሁ አስቀምጡት። ከውስጡ ቤታችሁን የሚነካ አንድ ቃል ብቻ ምረጡ። ውሃ ሊሆን ይችላል፣ መንገድ፣ የልጃችሁ ትምህርት ቤት፣ ወደ ትውልድ ቀያችሁ በሰላም መግባት። ቀኑን ጽፋችሁ ደብተር ላይ አኑሩት። ድምፅ ስጡኝ የሚል ሰው ደጃችሁ ሲመጣ ሳትሳደቡ፣ ሳትጮኹ፣ ደብተሩን ክፈቱና ጋሼ የጠየቀውን ጠይቁት፦ የአምናውስ ምን ደረሰ?

እኔ ነገ ጠዋት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች አሉኝ። የመጀመሪያውን አጭር ፈተና መልሼላቸዋለሁ፤ ብዙ ቀይ እስክሪብቶ አለበት። ዛሬ አንዷ "ቲቸር፣ ይሄ አለፈ አይደል፣ ወደ አዲሱ እንሂድ" አለችኝ። እርማትሽን ሥሪና እንሄዳለን አልኳት። አኩርፋ ተቀመጠች፣ ግን ሠራችው። ከተሳሳተችው ስድስት ጥያቄ አምስቱን ራሷ አገኘችው።

ከአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ የምንጠይቀውን ከመንግሥት መጠየቅ ድፍረት ከሆነ፣ ደፍሬያለሁ።