ኪሮስ ምን እያለ ነበር?

«ሙዚቃ ድንበር የለውም» የሚለውን አባባል በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። በተለይ ማስረጃ ሆኖ የሚቀርበው ኪሮስ ዓለማየሁ ሲሆን። «እኛ እኮ በኪሮስ ዘፈን እየጨፈርን ነው ያደግነው፤ ይሄ ጥላቻ ከየት መጣ?» ይሉኛል የአዲስ አበባ ወዳጆቼ። ዛሬ ከዚህ አባባል ጋር ልሟገት ነው። የምሟገተውም ኪሮስን ስለምጠላ አይደለም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ከእሱ አስበልጬ የወደድኩት ዘፋኝ ስለሌለ ነው።

በካሴት ዘመን መቐለ ያደገ ሰው ይረዳኛል። አጎቴ አንድ ቴፕ ነበረው። ክሩ በተጠላለፈ ቁጥር በቢክ እስክሪብቶ የማጠንጠኑ ሥራ የእኔ ነበር። ኪሮስ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲያርፍ ገና ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ የማውቀው ድምፁን ነው። ከውቕሮ በስተሰሜን ካለው ጻዕዳ እምባ ተነስቶ፣ ክራር እየደረደረ፣ የራሱን ዘፈን እየጻፈ አዲስ አበባ ራስ ቴአትር የገባ ሰው ነው። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ትግራይ ጦርነት ላይ ናት። እሱ በትግርኛ ዘፈነ፣ ትግርኛ የማይሰማው የከተማ ሰውም ወደደው።

ከኪሮስ የተማርኩት የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው፦ የራስህን ይዘህ የሌላው ደጃፍ ድረስ ሂድ። እስኪጠሩህ አትጠብቅ።

ሁለተኛውን ያስተማረኝ ግን አድማጩ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የዶርም ጓደኛዬ የሸዋ ልጅ ነበር። «ስውር ፍቅሪ»ን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃሉ ይወጣዋል። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን «ምን ማለት ነው?» ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም ቋንቋዬ ስለተዘፈነ ብቻ ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ። ልብ በሉ፣ የዘፈኑ ርዕስ እኮ አስተርጓሚ አይፈልግም። «ስውር ፍቅር» ነው። ልዩነቱ አንዲት ፊደል ናት። ያቺን አንዲት ፊደል ሁለታችንም አልተሻገርናትም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ሁለት ዓመት። መቐለ ስልክ፣ ባንክና መብራት አጥታ ከረመች። በኅዳር 2014 ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ትግራዋይ በማንነቱ ታሰረ፤ ይህን እኔ ብቻ ሳልሆን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም አምነስቲ ኢንተርናሽናልም ያኔውኑ ተናግረውታል። በኪሮስ ሲጨፍር ያደገው ከተማ ያው ከተማ ነበር። ሰርግ ላይ ጓይላ የዞረው ትከሻ ጎረቤቱ ሲወሰድ አልተነቃነቀም። ሁሉም እንዲያ ነበር አልልም፤ ጎረቤቱን የደበቀም፣ እስር ቤት ስንቅ ያመላለሰም አለ። እነሱን ያነሳሳቸው ግን ሰውየውን ማወቃቸው ነው እንጂ ዘፈኑን መውደዳቸው አይደለም። የቀረው ሰው ፍቅር በእርግጥም ስውር ነበር፤ በሚፈለግበት ቀን አልታየም።

ይህ የእኛ ብቻ ጉድ አይደለም። ሚሪያም ማኬባ እ.ኤ.አ. በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት አዲስ አበባ መጥታ ዘፍናለች። በዚያው ዓመት በተባበሩት መንግሥታት ፊት ቆማ ስለ አፓርታይድ ተናግራለች። አሜሪካን ያስጨፈረው ግን «ፓታ ፓታ» ነው፤ እሷ ራሷ ከዘፈኖቿ ሁሉ ያን ያህል ቁም ነገር የሌለው የምትለው። ብዙው ዓለም ወገቡን ሰጣት፣ ጆሮውን ነፈጋት።

«እናንተስ? አማርኛው እየገባችሁ፣ ጥላሁንንና ማህሙድን ቃል በቃል እያወቃችሁ ምን ፈየዳችሁ?» የሚለኝ አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ጦርነቱ ወደ አማራና ወደ አፋር ሲሻገር በዚያ ሕዝብ ላይ የደረሰውን ግፍ ከዚህ ወገን ጮክ ብለን የተናገርን ጥቂቶች ነን፤ እኔም ዘግይቻለሁ። ቃል ማወቅ ብቻውን ሰው አያደርግም። ቃሉን ለማወቅ ያልፈለገ ግን ለመጠየቅ እንኳ መነሻ የለውም።

እዚሁ መቐለም የምሟገተው ሰው አለኝ። «ይሄን የአማርኛ ዘፈን ዝጋው» የሚል፣ በየጽሑፌ ሥር «ለምን በአማርኛ ትጽፋለህ?» የሚል። የደረሰበትን አውቃለሁ፤ በእኔም ደርሷል። ግን ወንድሜ፣ ኪሮስ በጦርነት ዘመን አዲስ አበባ ሄዶ መዝፈኑ ካኮራህ፣ እኔ በጦርነት ማግስት አዲስ አበባ በሚገባው ቋንቋ መናገሬ ለምን ያምሃል? ጥላሁንን ከስልክህ ብታጠፋው እሱ የሚጎድለው ነገር የለም። የሚጎድለው ያንተ ጆሮ ነው። የሚባለውን ሰምተህ መልስ መስጠት መቻልህ ሀብት ነው፤ በንዴት አትጣለው።

በታኅሣሥ 2015፣ ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ ስልክ ሲመለስ ቀድመው ከደወሉልኝ አንዱ ያ የዶርም ጓደኛዬ ነበር። አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። «ኪሮስን በሰማሁ ቁጥር አንተን ነበር የማስበው» አለኝ።

«ምን እንደሚል ታውቃለህ?» አልኩት።

ዝም አለ። ቆይቶ «አላውቅም፤ ንገረኝ» አለኝ።

ስንኝ በስንኝ ተረጎምኩለት። ከአሥር ዓመት በላይ የዘገየ ጨዋታ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ጦርነቱ መጠየቅ የጀመረው፣ እኔም ስለ እሱ ሰፈር።

እንግዲህ የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። በሚቀጥለው ሰርግ ኪሮስ ሲከፈት ጨፍሩ፤ እኔም እጨፍራለሁ። ሲያልቅ ግን አጠገባችሁ ያለውን ትግርኛ ተናጋሪ «ምን እያለ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ከዘፈኑ ከረዘመ ቁጭ ብላችሁ አዳምጡት።

ቸር ያሰማን።
ከመቐለ