የመለዋወጫ ዕቃዎችን በስካነር መቅዳት፦ ከመሣሪያው ግዥ በፊት ሊጤኑ የሚገባቸው ጉዳዮች

የአንድ ፋብሪካ የማምረቻ መስመር በአንዲት አነስተኛ መለዋወጫ መሰበር ምክንያት ለሳምንታት ሊቆም ይችላል። አምራቹ ኩባንያ ዕቃውን ማምረት ካቆመ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ቢገኝም እንኳ መፍትሔ አይሆንም። የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ ከውጭ የሚገቡ መለዋወጫዎች የብር ዋጋ በእጅጉ ጨምሯል። በመሆኑም ነባሩን ዕቃ በስካነር ለክቶ ዲጂታል ንድፉን በማውጣት በአገር ውስጥ ማምረት ትኩረት ሊሰጠው የሚገባ አማራጭ ነው።

ስካነሩ በዕቃው ገጽ ላይ የሌዘር ብርሃን በማሳረፍ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ነጥቦችን ይመዘግባል። ኮምፒዩተሩም ነጥቦቹን አያይዞ የዕቃውን ምስል ይሠራል። ይህ ምስል ግን ገና የምርት ንድፍ አይደለም። ንድፉን በትክክለኛ ልኬት እንደገና የሚሠራው መሐንዲሱ ነው።

ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ለመቅዳት የሚቀርበው ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ያረጀ ነው። ሲሠራ 50 ሚሊ ሜትር ውፍረት የነበረው የፓምፕ ዘንግ በአገልግሎት ብዛት ተበልቶ 49.8 ቢደርስ፣ ስካነሩ የሚያሳየው 49.8ን ነው። ኩሽኔታ ለሚገባበት ዘንግ የሚፈቀደው ልዩነት በመቶኛ ሚሊ ሜትር የሚለካ በመሆኑ፣ ይህንኑ ልኬት ተከትሎ የተሠራ ዘንግ ገና ከመነሻው ያረጀ ይሆናል። ስለዚህ ከዘንጉ ጋር የሚገጣጠሙት ክፍሎችም አብረው ሊለኩ ይገባል። በተጨማሪም ስካነር የብረቱን ዓይነትና ጥንካሬ አይናገርም፤ ይህ በቤተ ሙከራ የሚረጋገጥ ነው። ዕቃው በማቅለጥ የሚመረት ከሆነም፣ ብረት ሲቀዘቅዝ ከ1 እስከ 2 በመቶ ገደማ ስለሚኮማተር ማፍሰሻው በዚያው መጠን ሊሰፋ ይገባል።

የሕግ ጉዳይም አለ። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለፓተንት የ15 ዓመት ጥበቃ የሰጠ ሲሆን፣ ፈጠራው በአገር ውስጥ ሥራ ላይ መዋሉ ሲረጋገጥ 5 ዓመት እንዲጨመር ፈቅዷል። ዕቃው ጥበቃ ያለው መሆን አለመሆኑን ከምርት በፊት ማጣራት ከክርክር ያድናል።

ከዚህ በመነሳት የግዥ ሰነዶች በስካነሩ ዋጋ ላይ ብቻ ሊያተኩሩ አይገባም። የንድፍ ባለሙያ፣ የብረት ምርመራና የሙከራ ሥራ አብረው ሊታቀዱ ይገባል። ሥራው ለሌላ ድርጅት የሚሰጥ ከሆነም፣ የተጠናቀቀው የንድፍ ፋይል የአሠሪው መሥሪያ ቤት ንብረት መሆኑ በውሉ ሊሰፍር ይገባል። ይህ ካልሆነ መሥሪያ ቤቱ ለአንድ ዕቃ ንድፍ ደጋግሞ ለመክፈል ይገደዳል።